ዋተር ቤዝ ፕራይመር በመርከብ ብረት ላይ፦ ከ14 ወር በኋላ ያየሁት

አብሮኝ የሚቀባው ልጅ "ጋሼ፣ ራሴን እያዞረኝ ነው" ሲለኝ በሩ አጠገብ ቆሜ ሁለተኛውን ቆርቆሮ እያማሰልኩ ነበር። በመርከቡ አፍንጫ ሥር ያለችው የዕቃ ስቶር ውስጥ ነን። ጠባብ ናት። አንድ በር አላት፣ መስኮት የላትም። ድምፁ ልክ አልነበረም። ሮለሩን ከእጁ ወስጄ፣ ክንዱን ይዤ ወደ ዴክ፣ ወደ መርከቡ ክፍት ወለል፣ አወጣሁት። ንፋስ ሲያገኘው ቁጭ አለ፤ አስመለሰው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፊቱ ተመለሰ።

የምንቀባው የተለመደውን በቲነር የሚቀጥን ኢፖክሲ ፕራይመር ነበር። ፕራይመር ብረቱ ላይ ከሁሉ በፊት የሚቀባው ቀለም ነው፤ ኢፖክሲ ደግሞ ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ። ቀለሙ ውስጥ ዛይሊን የሚባል፣ ተኑ ራስ የሚያዞር ፈሳሽ አለበት። ልጁ ያደረገው የአቧራ ማስክ ነው፤ የአቧራ ማስክ የቲነር ተን አያስቀርም። ማራገቢያውም በሩ ላይ ተቀምጦ እዚያው የነበረውን አየር ነበር የሚያሽከረክረው። ይህን አስቀድሜ ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ። በዴክ ሥራ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ ሰባቱን በቦሰንነት፣ ማለትም በዴክ ሠራተኞች አለቃነት።

የዚያኑ ዕለት ማታ የካፒቴኑ ምክትል የሆነው ቺፍ ኦፊሰሩ ዘንድ ሄጄ፣ ለተዘጉ ክፍሎች ሌላ ዓይነት ቀለም እንዲታዘዝልን ጠየቅኩ። በሚቀጥለው ወደብ ዋተር ቤዝ፣ ማለትም በቲነር ፋንታ በውሃ የተሠራ፣ ኢፖክሲ ፕራይመር መጣልን። ግራጫ ነው። ሁለት ቆርቆሮ ነው፤ አንዱ ቀለሙ፣ ሌላው የሚያጠነክረው ሃርድነሩ። ዝገት እንዲከላከል ዚንክ ፎስፌት ተጨምሮበታል። ከዚያ ወዲህ 14 ወር ሆነ። በሦስት ቦታ ቀብተነዋል፣ በሦስቱም የተለያየ ጠባይ አሳይቶናል። የአምራቹን ስም አልጽፍም። የዚህ ዓይነት ቀለም የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ የምነግራችሁም ስለ ዓይነቱ ነው።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ለደረቅና ለተዘጋ ክፍል ከእንግዲህ ሌላ አልፈልግም። ሰዓት መርጦ ለሚሠራ ሰው ለዴክም ጥሩ ነው። ለባላስት ታንክ፣ መርከቡ ሚዛኑን እንዲጠብቅ የባሕር ውሃ ለሚሞላበት፣ እና ከውሃ በታች ላለው የመርከቡ አካል ግን ይህን ቆርቆሮ አልከፍትም።

ቀለሙ የመጣ ቀን አንድ አንጋፋ መካኒክ ቆርቆሮውን አገላብጦ አየና "ብረትን በውሃ ልትቀባ ነው?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝገት ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ሲገናኙ የሚመጣ ነገር ነው። በአንዱ ነጥብ ላይ ብረቱ ይሟሟል፤ አጠገቡ ባለ ሌላ ነጥብ ላይ ኦክስጅን ይበላል። ኤሌክትሮኑ በብረቱ ውስጥ ይሄዳል፣ የመልሱን መንገድ የሚሰጠው ውሃው ነው። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። መርከብ ላይ ዝገት የሚሮጠው ለዚህ ነው። ታዲያ ውሃ ያለበትን ነገር ብረት ላይ መቀባት ምን ማለት ነው?

እዚህ ቀለም ውስጥ ያለው ውሃ ተሸካሚ ነው፣ አድርሶ ይሄዳል። ኢፖክሲው እጅግ ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ውሃው ውስጥ ተበትኗል። ቀብታችሁ ስትጨርሱ ውሃው ይተናል፣ ጠብታዎቹ ይጠጋጋሉ፣ ይዋሃዳሉ፣ ከሃርድነሩ ጋር ተጣምረው ይጠነክራሉ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። ውሃው በጊዜ ካልወጣ ጠብታዎቹ በደንብ ሳይዋሃዱ መጠንከር ይጀምራሉ። ያኔ የምታገኙት ከላይ ቀለም የሚመስል፣ ውስጡ ግን ክፍተት የበዛበት ነገር ነው። የዚህ ፕራይመር መልካሙም ክፉውም ከዚህች አንዲት ነገር ይመጣል። ውሃው መውጣት አለበት፣ በጊዜው።

ለመካኒኩ ሌላም ነገር ነገርኩት። አውስትራሊያ ውስጥ ከሞርጋን እስከ ዋያላ የሚደርስ የብረት የውሃ ቧንቧ አለ። ርዝመቱ ከ350 ኪሎ ሜትር ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ ውጪው የተቀባው በዚንክ ዱቄትና በሶዲየም ሲሊኬት ነው፤ ሲሊኬቱ በውሃ የተበጠበጠ። የቪክተር ናይቲንጎል ፈጠራ ነው። ያን ጊዜ ቀለሙ እንዲጠነክር በሙቀት መጋገር ነበረበት። ልባሱ ብረቱን ለአሥርት ዓመታት ጠብቆ ቆይቷል። ዋያላ ደግሞ መርከብ ይሠራባት የነበረች ከተማ ናት። በ1970ዎቹ ናሳ በባሕር ዳር የቆሙትን የሮኬት ማስወንጨፊያ ብረቶቹን ከጨው ለማዳን፣ ሙቀት የማይፈልግ በፖታሲየም ሲሊኬት የተሠራ የዚንክ ቀለም አዘጋጀ። እሱም በውሃ ነው። የኛ ኢፖክሲ ከነዚህ በኬሚስትሪው ይለያል። ሆኖም ውሃ የነካው ቀለም ብረት አይጠብቅም የሚለው ነገር ገና ድሮ የወደቀ ነው። መካኒኩ ሰምቶኝ "እስኪ እናያለን" ብሎ ሄደ።

መጀመሪያ ወደዚያችው ስቶር ተመለስን። የግድግዳውን ዝገት በኒድል ገን፣ በብረት መርፌዎች እየመታ በሚያራግፍ መሣሪያ፣ አራገፍነው፤ ብረቱ እስኪወጣ በግራይንደርና በሽቦ ብሩሽ ፈተግነው። የሽቦ ብሩሽ ማሽን አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ብረቱን ያለሰልሰዋል፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጨዋል። ለዓይን ያምራል፤ ቀለሙ ግን የሚቆነጥጠው ያጣል። ስለዚህ በመጨረሻ በሸካራ ዲስክ ጫርነው። በአሸዋ ግፊት ቢጸዳ ይሻል ነበር። ባሕር ላይ ሆነን ግን አቅማችን እስከዚህ ነው።

ብየዳውን በብሩሽ ቀባን፣ ጠፍጣፋውን በሮለር። ከ40 ደቂቃ በኋላ ባትሪ ይዤ ገባሁ። በብየዳው መስመር ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል። የመርፌ ጫፍ የሚያክል። ግራጫው ላይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጠፍጣፋው ላይ አንድም የለም፤ ብየዳው ላይ ብቻ። ጣቴን ሳሳርፍበት ቀለሙ ገና ይለጠፋል፣ ነጠብጣቡ ግን በላይ የተቀመጠ አልነበረም። ከታች ነው የመጣው።

ፍላሽ ረስት የሚሉት ይህንን ነው። ገና የተራቆተ ብረት ውሃ ሲነካው ወዲያው መዛግ ይጀምራል። ፋብሪካው ይህን የሚያስቀር ኬሚካል ቀለሙ ውስጥ ይጨምራል፤ ንጹሕና ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይሠራል። ብየዳ ግን ጎርበጥባጣ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ቀለሙ ይወፍራል፣ ውሃው ቶሎ አይወጣም። ከዚያ በላይ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ጨው ይደበቃል። ጨው ካለ ያ ኬሚካል አይችለውም።

ጨው መኖሩን በግምት አልተውኩትም። ቺፍ ኦፊሰሩ ዘንድ ብሬስል የሚባለው የጨው መለኪያ ነበር። ብረቱ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ፓች ነው። በስሪንጅ ንጹሕ ውሃ ታስገቡበታላችሁ፣ ውሃውን መላልሳችሁ ትስቡታላችሁ፣ ከዚያ አውጥታችሁ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ትለካላችሁ። ከብየዳው አጠገብ በካሬ ሜትር 90 ሚሊግራም ገደማ አገኘን። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ለአዲስ ባላስት ታንክ ቀለም የሚፈቅደው ከፍተኛው 50 ነው። ስቶራችን ታንክ አይደለችም፣ ደንቡም አይመለከታትም። ቁጥሩ ግን ጥሩ መመዘኛ ነው።

ያንን መስመር ሙሉ በሙሉ ፍቀን አነሳነው። በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አጠብን፤ ብየዳውን በጠንካራ ብሩሽ ፈተግን፤ በጨርቅ አደረቅን፤ ሞቅ ያለ አየር ነፋንበት። ደግመን ስንለካ ከ30 በታች ወረደ። በዚህኛው ቀጭን አድርገን፣ በብሩሹ ጫፍ እየወጋን ቀባን። ነጠብጣቡ አልተመለሰም።

ማራገቢያውንም አስተካከልነው። በቧንቧ አየሩን ከሩቁ ጥግ ከወለል እየሳበ ወደ ውጪ እንዲያወጣ አደረግን፤ አዲሱ አየር በበሩ ይገባል። በቲነር ቀለም ጊዜ ማራገቢያ የሚያስፈልገው ለሳንባና ለእሳት አደጋ ነው። በዚህ ቀለም ግን የሥራው አንድ ክፍል ነው። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ከቀለሙ የወጣው ውሃ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቆማል። አየሩ ይጠግባል፣ መድረቁም ያቆማል። ማራገቢያ የሌለው ሰው ይህን ቀለም ተዘግቶ በሚቆይ ክፍል ውስጥ ባይቀባ ይሻለዋል።

ሁለተኛውን እጅ ልጁ ራሱ ቀባው። እኔ ሰዓት ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሽታ አለው፤ ከሃርድነሩ የሚመጣ፣ አፍንጫ ጫር የሚያደርግ፣ እንደ አሞኒያ ያለ። ከባድ ግን አይደለም። አንድ ሰዓት አለፈ። "ራስህን አላዞረህም?" አልኩት።

"ምንም፣ ጋሼ። ሌላ ቆርቆሮ ይክፈቱልኝ።"

እኔ ይህን መልስ ስሰማ የመጣልኝን እፎይታ ልነግራችሁ አልችልም።

ዴክ ላይ የሆነው ሌላ ነው። የጭነት ጉድጓዱን ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚከበውን የብረት ግድግዳ፣ እኛ የሃች ጠርዝ የምንለውን፣ ለመቀባት ወሰንን። ሙቅ ቀን ነበር፣ ባሕሩ ረግቷል። ብረቱን አጥበን፣ ለክተን፣ ሁሉን በደንብ አድርገን ከሰዓት በኋላ ጀመርን። አሥር ሰዓት ላይ ጨረስን። በጣት ሲነካ ደረቅ ነው። ደስ ብሎን ተኛን።

ጠዋት ሄጄ ሳይ ግድግዳው ወተት የተደፋበት መስሏል። ግራጫው ነጥቶ ወደ ታች ወርዷል፣ ሥሩ ላይ ነጭ ኩሬ ሠርቷል። በጥፍሬ ስነካው እንደ ሳሙና ተነሳ።

የሆነው ግልጽ ነው። በጣት የደረቀው ከላይ ነው እንጂ ውስጡ ገና ነበር። ፀሐይ ስትገባ ብረት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአየሩ በታች ይቀዘቅዛል። አየሩ 25 ዲግሪ ቢሆንና እርጥበቱ 80 በመቶ ቢሆን፣ ጤዛ የሚጀምረው 21 ዲግሪ ላይ ነው። ብረቱ እዚያ ከደረሰ ውሃ ይለብሳል። ያልጠነከረ ዋተር ቤዝ ቀለም ላይ ውሃ ሲያርፍ ቀለሙ ወደ መጣበት ይመለሳል። የቲነር ኢፖክሲ እንዲህ ያለ ሌሊት ቢያገኘው ቢበዛ ነጣ ይላል፣ ይደበዝዛል። ይኼኛው ይታጠባል። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሻጭ ሲነግራችሁ አልሰማሁም።

የግማሽ ቀን ሥራ ፍቀን ጣልነው። ልጆቹ ቅር ብሏቸው ነበር፣ እኔም እንደዚያው። በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ደርቆ፣ ብረቱ በፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን። ቀትር ሳያልፍ አቆምን። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚጀምርበት ቢያንስ 3 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት የሚለው ሕግ ለማንኛውም ቀለም ይሠራል። ለዚህ ግን በመቀባት ሰዓት ብቻ አይበቃም። እስከ ሌሊቱ ድረስ አስቡት። እርጥበቱ ከ85 በመቶ ካለፈ ቆርቆሮውን ባትከፍቱት ይሻላል።

እዚህ ላይ በአምራቾቹ ላይ ቅሬታ አለኝ። ከቆርቆሮው ጋር የመጣው ወረቀት "በ1 ሰዓት ይደርቃል" ይላል። ልክ ነው። ግን ከሥር በደቃቁ 23 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት ብሎ ጽፏል። ያ የላቦራቶሪ አየር ነው። ባሕር መካከል 50 በመቶ እርጥበት የምታገኙት ስንት ቀን ነው? ለመርከብ ብረት ተብሎ የሚሸጥ ቀለም በ80 በመቶ እርጥበት ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ በትልቁ ሊጽፍ ይገባዋል። ዝናብና ጤዛ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚችልም እንዲሁ። አንድ መስመር ነው የምጠይቀው። ያቺ አንድ መስመር ብትኖር ያ ነጭ ኩሬ አይኖርም ነበር።

ሦስተኛው ቦታ ክሬኑ ሥር ነው። ከሃይድሮሊኩ ዘይት ይንጠባጠባል፤ ዓመታት የጠጣ ብረት ነው። በቲነር ቀለም ጊዜ ጨርቅ አሳርፈን እንቀባው ነበር፣ ቲነሩ ራሱ ትንሹን ዘይት ያሟሟዋል። ውሃ ይህን አያደርግም። ዘይት ያለበት ብረት ላይ ውሃ ይሰበሰባል እንጂ አይነጠፍም። ቀለሙም እንደዚያው አደረገ። ሮለሩ ሲያልፍ ደህና ነው፤ ወዲያው ግን ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች ከፈተ። የዓሣ ዓይን ይመስላሉ። መሐላቸው ባዶ ብረት ይታያል። ደጋግሞ በላዩ መቀባት አይዘጋቸውም።

ዘይት አራቂ ሳሙና አምጥተን በሞቀ ውሃ አጠብን፣ አለቀለቅን። ከዚያ መፈተሻው ቀላል ነው። ንጹሕ ውሃ ብረቱ ላይ እርጩ። ውሃው እንደ አንሶላ ተነጥፎ ከቆየ ንጹሕ ነው። ጠብታ ሆኖ ከተሰበሰበ ዘይት አለ፣ ድገሙት። እኛ ሦስት ጊዜ ደገምነው። አንዲት የመዳፍ ስፋት ያላት ቦታ፣ ከብሎኑ ሥር፣ በሦስተኛውም ውሃውን ትሰበስብ ነበር። ሰዓቱ ሄዶብን "ይበቃል" አልኩ፣ ቀባናት።

የቀሩት ነገሮች ትንንሽ ናቸው፣ ግን ቀለም ያስጥላሉ። አንድ ቆርቆሮ በቀዝቃዛ ወደብ ዴክ ላይ አድሮ በረዶ ሠራ። ሲቀልጥ እንደ ረጋ ወተት ተቆራረጠ፤ ማማሰል አልመለሰውም። ከ5 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ አስቀምጡት።

ከተቀላቀለ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ያታልላል። የቲነር ኢፖክሲ ሲያልፍበት ይወፍራል፣ ብሩሹን ይይዛል፤ ራሱ ይነግራችኋል። ይኼኛው ግን ጊዜው ካለፈ በኋላም እንደ ፈሰሰ ይቆያል። የተቀባው ግን ፈዛዛና ደካማ ይሆናል፣ በጥፍር ይነሳል። ስለዚህ የቀላቀልንበትን ሰዓት በማርከር ክዳኑ ላይ እንጽፋለን። ወረቀቱ ያለው ሰዓት ሲደርስ የቀረው ይጣላል፣ ክርክር የለም።

በስፕሬይ ፓምፕ ከሆነ የምትሠሩት ቱቦው ውስጥ የቀረ ቲነር ከዋተር ቤዝ ጋር ሲገናኝ ቀለሙን ያቆራርጠዋል፣ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። የኛ ደፈነው። አሁን ለዋተር ቤዝ የራሱ ቱቦ አለው። ብሩሽና ሮለር ወዲያው በውሃ ይታጠባሉ፣ ይህ ትልቅ ምቾት ነው። ከደረቀ ግን ውሃ አይነካውም። የታጠበበትን ውሃ ባሕር ላይ አንደፋም። የመርከብ ቆሻሻን የሚመለከተው የማርፖል ደንብ አይፈቅድም፤ በበርሜል አጠራቅመን ወደብ እናስረክባለን። ውሃ ነው ብሎ መድፋት ቀላል ስለሚመስል ልጆቹን ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ውፍረቱን በማበጠሪያ መለኪያ እንከታተላለን፤ እርጥቡ ላይ የሚወጋው ጥርስ ያለው ቆርቆሮ። የኛ ቀለም ግማሹ በመጠን ጠጣር ነው። ስለዚህ እርጥቡ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺሕኛ) ከሆነ ሲደርቅ 75 ይቀራል። አንዴ ወፍራም አድርጎ ከመገላገል ሁለት ቀጭን እጅ። ጥግ ላይ የወፈረ ዋተር ቤዝ ውሃውን ይዞ ይቀራል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ዋተር ቤዝ ነው ማለት አይጎዳም ማለት አይደለም። ሃርድነሩ ቆዳ ላይ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከጀመራችሁ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሊሆን ይችላል። ጓንት የግድ ነው። በስፕሬይ ከሆነ ጭጋጉን የሚያስቀር ማስክ የግድ ነው። የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከመግባት በፊት ኦክስጅኑ መለካቱም አይቀርም። ዝገት ራሱ ኦክስጅን ይበላል፤ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ የብረት ክፍል ቀለም ሳይገባበትም ሰው ሊገድል ይችላል።

ስለ ታንኩ ያልኩትን ላብራራ። ለአዳዲስ መርከቦች ባላስት ታንክ ያለው መመዘኛ ቀለሙ 15 ዓመት በጥሩ ሁኔታ እንዲቆይ ያለመ ነው። ኢፖክሲው በድምሩ 320 ማይክሮን ይሆናል፣ ጠርዞች ተከርክመው ክብ ይደረጋሉ፣ ብየዳና ጠርዝ በብሩሽ ተጨማሪ እጅ ያገኛሉ። ታንክ ውስጥ ያለ ቀለም ባሕር ውስጥ ተነክሮ ነው የሚኖረው። ከሥሩ ትንሽ ጨው ወይም በውሃ የሚሟሟ ነገር ከቀረ፣ ውሃው በቀለሙ አልፎ ወደዚያ ይሳባል፣ ቀለሙ ይነፋል። የኛ ቀለም ወረቀት ራሱ ለተነከረ ብረት አይደለም ይላል። ለዚያ የተፈተነና ፈቃድ ያገኘ ዋተር ቤዝ ካለ ወረቀቱን አሳዩኝ፣ እቀበላለሁ። ያለዚያ ታንክ ውስጥ ሙከራ አላደርግም።

ባለፈው ሳምንት ሦስቱንም ቦታ ዞሬ አየሁ። ልጁ ባትሪ ይዞልኛል፣ እኔ ቢላና ቴፕ።

ስቶሯ ደህና ናት። ግድግዳው ላይ በቢላ መስቀል ጫርኩ፣ ቴፕ ለጥፌ ነቀልኩ። ቴፑ ንጹሕ ወጣ። ያ ዳግም የታጠበው ብየዳ ላይ ዝገት የለም። አንድ ቦታ ብቻ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ እጃችን በደንብ ያልደረሰበት፣ የምስር ፍሬ የሚያክል ዝገት አለ። መካኒኩም መጥቶ አየ። ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አደረገና "ይዟል" አለ። ከእሱ ብዙ ነው።

የሃቹ ጠርዝ ጠፍጣፋው ላይ እንደ ተቀባበት ቀን ነው። ዝገቱ ያለው ስለታም ጠርዙ ላይ ነው፤ ቀጭን ቡናማ መስመር፣ ሁለት ክንድ ያህል። ይህ የቀለሙ ጥፋት ብቻ አይደለም። ማንኛውም ቀለም ሲደርቅ ከስለታም ጠርዝ ይሸሻል፣ እዚያ ይሳሳል። ጠርዙን በግራይንደር ማክበብ ነበረብን። ግማሹን አክብበን ነበር፤ ያከበብነው ላይ ዝገት የለም። ልጁ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ራሱ አገኘው። "ጋሼ፣ ያቆምነው እዚህ ጋ ነው" አለኝ። ዝገቱም የጀመረው እዚያው ጋ ነው።

ክሬኑ ሥር ያቺ መዳፍ የምታክል ቦታ ተነስታለች። ቢላውን ሳስገባ ቀለሙ እንደ ልጣጭ አንድ ላይ ወጣ፣ ከሥሩ ጥቁር፣ ቅባት ያለው ብረት። ዙሪያው ሁሉ ግን ይዟል።

ለሚቀጥለው ጉዞ የጻፍኩት ማዘዣ ቺፍ ኦፊሰሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለስቶሮቹ፣ ለኮሪደሩና ለማሽን ክፍሉ ደረጃዎች ዋተር ቤዝ። ለታንኮቹ የተፈቀደለት የቲነር ኢፖክሲ፣ ከነተገቢው የተን ማስክ ማጣሪያ (ካርትሪጅ)። አንድ ተጨማሪ የእርጥበት መለኪያ፤ ያለው አንዱ ነው፣ ልጁም ከእጁ አይለየውም። ዘይት አራቂ ሳሙና፣ ብዙ። የክሬኑን ሥር ነገ ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ እንፍቀዋለን፤ ውሃው እንደ አንሶላ እስኪነጠፍ ድረስ ቆርቆሮ አይከፈትም።